ከበባ ውስጥ የተገዛ እርሻ፦ ኤርምያስ 32ን ቀስ ብለን ስናነበው

ከተማዋ ተከባለች። የባቢሎን ወታደሮች ከቅጥሩ ውጭ አፈር እየከመሩ ወደ ላይ የሚያወጣቸውን ድልድል ይሠራሉ። ውስጥ ያለው ሰው ርቦታል። በዚህ መሃል አንድ እስረኛ መሬት ይገዛል። መሬቱ ደግሞ ያለው ከቅጥሩ ማዶ፣ ጠላት በያዘው በኩል ነው። ሄዶ አያየው፣ አጥር አያጥረው፣ በሬ አይጠምድበት። ብሩን ግን ቆጥሮ፣ ይቅርታ፣ መዝኖ ከፈለ።

ታሪኩ ያለው በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ላይ ነው። ምዕራፉ 44 ቁጥር አለው። አብዛኞቻችን ከዚህ ሁሉ የምናውቀው አንዱን መስመር ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚያቅተው ነገር የለም የሚለውን። ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። መስመሩን ማን፣ በምን ሆድ ሆኖ እንደተናገረው ግን ተለጣፊው ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ከላይ ጀምረን እንውረድ። እኔን በተለይ የሚይዘኝ ውሉ ነው። በነቢያት መጻሕፍት ውስጥ አንድ የመሬት ሽያጭ እንዲህ ከክፍያው እስከ ፋይሉ ማስቀመጫ ድረስ የተተረከበት ሌላ ቦታ የለም።

መጀመሪያ ጊዜው። ምዕራፉ ቀኑን በሁለት ነገሥታት ያስቀምጣል፦ የይሁዳው ሴዴቅያስ 10ኛ ዓመት፣ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር 18ኛ ዓመት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 588 ወይም 587 መሆኑ ነው። ከበባው የተጀመረው በሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት በ10ኛው ወር ሲሆን፣ ቅጥሩ የተሰበረው በ11ኛው ዓመት በ4ኛው ወር ነው። እንግዲህ ግዢው የተፈጸመው በመከራው መሃል ነው። ሁለቱ ነገሥታት ጎን ለጎን መጠራታቸውም ትርጉም አለው። ሴዴቅያስን ዙፋን ላይ ያስቀመጠው ራሱ ናቡከደነፆር ነው። የድሮ ስሙ ማታንያ ነበር፤ ሴዴቅያስ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ያነገሠው ሰው ነው አሁን በር ላይ የቆመው።

ኤርምያስ በዚህ ጊዜ የታሰረው በንጉሡ ግቢ ውስጥ፣ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የግዞት ቤት አደባባይ በሚለው ቦታ ነው። ጨለማ ክፍል አይደለም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይቀመጣል። ምዕራፍ 37 እንደሚለው፣ በከተማው ዳቦ እስኪያልቅ ድረስ ከዳቦ ጋጋሪዎች መንገድ በቀን አንድ ዳቦ ይመጣለት ነበር። ወንጀሉ አንድ ነው፦ ከተማዋ በባቢሎን እጅ ትወድቃለች፣ ንጉሡም ይማረካል ብሎ መናገሩ። መኳንንቱ "የወታደሩን እጅ ያደክማል" ብለው ከሰሱት። ይህ አባባል የዘመኑ ሰው በእርግጥ የሚጠቀምበት አባባል ነበር። በዚያው ጦርነት ጊዜ በይሁዳዋ ከተማ በለኪሶ ከተገኙት፣ በሸክላ ስባሪ ላይ ከተጻፉት ደብዳቤዎች አንዱ ላይም "እጅ ማድከም" የሚል ቃል ተገኝቷል።

ዘመድ መጣ

እስር ቤት የሚመጣ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ይዞ ነው። የኤርምያስ ዘመድ የመጣው መሬት ሊሸጥለት ነው።

ስሙ አናምኤል ነው፤ የአጎቱ የሰሎም ልጅ። መሬቱ አናቶት ነው ያለው። አናቶት ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ በብንያም ነገድ ያለች የካህናት መንደር ናት። ኤርምያስ የተወለደውም እዚያ ነው። ስሟ ዛሬም አልጠፋም፤ አናታ የምትባል የፍልስጤማውያን ከተማ እዚያው አካባቢ አለች።

5 ኪሎ ሜትር ማለት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ ሰሞን ግን በመሃል የባቢሎን ጦር ሰፍሯል። አናምኤል ቀድሞ ሸሽቶ ወደ ከተማው ገብቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ የግብፅ ጦር መጣ ተብሎ ከበባው ለጥቂት ጊዜ በላላበት ሰዓት ይሆናል የመጣው። ብቻ መጥቶ "እርሻዬን ግዛኝ፤ የመቤዠት መብቱ ያንተ ነው" አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ መብት ካልገባን ምዕራፉ አይገባንም። ኦሪት ዘሌዋውያን 25 ላይ ያለ ሕግ ነው። አንድ ሰው ደኸይቶ መሬቱን ለመሸጥ ቢገደድ፣ የቅርብ ዘመዱ ቀድሞ ገዝቶ ከቤተሰቡ እንዳይወጣ ያደርገዋል። የሕጉ ምክንያት እዚያው ተጽፏል፦ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት፣ ሰዎቹ እንግዶች ናቸው፣ ስለዚህ ለዘላለም አትሸጥም። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ የኑኃሚንን መሬት የገዛው በዚሁ ሕግ ነው። እዚያም ከቦዔዝ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ ነበር፤ ሂሳቡ ሲገባው ጫማውን አውልቆ ሰጥቶ መብቱን ለቀቀ።

ርስት የሚለውን ቃል በወጉ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መሬቱ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም፤ የዘር ሐረግ ነው። ግን መብት መሆኑን ልብ በሉ። ኤርምያስ እንደዚያ ባለ ጫማው ዘመድ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ምክንያትም ሞልቶታል። አንደኛ፣ መሬቱ በጠላት እጅ ነው። ሁለተኛ፣ እሱ ራሱ እስረኛ ነው። በዚያ ላይ የአናቶት ሰዎች ከዓመታት በፊት ሊገድሉት ተማክረው ነበር (ምዕራፍ 11)። የገዛ ወንድሞቹና የአባቱ ቤት ሳይቀሩ ከድተውታል (ምዕራፍ 12)። አሁን ከዚያው ሰፈር ሰው መጥቶ "አንተ እኮ ዘመዴ ነህ" ይላል። ችግር ሲመጣ ዝምድና የሚያስታውስ ሰው በሁሉም አገር አለ።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። አናምኤል ከመምጣቱ በፊት እግዚአብሔር ለኤርምያስ ነግሮት ነበር፦ የአጎትህ ልጅ መጥቶ እርሻዬን ግዛ ይልሃል። ከዚያ ሰውየው በእርግጥ መጣ። እና ኤርምያስ ምን ይላል? "ያን ጊዜ ይህ የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሆነ አወቅሁ።" ያን ጊዜ! ቃሉን ሲሰማ አይደለም፤ አናምኤል በሩ ላይ ሲቆም ነው። 40 ዓመት ያህል ነቢይ ሆኖ የኖረ ሰው እንኳ፣ የሰማው ድምፅ የራሱ ሐሳብ እንዳይሆን ጠብቆ ያረጋግጣል። ዛሬ "ጌታ ነገረኝ" ብሎ ለመናገር የምንቸኩለውን ሳይ ይቺ ቁጥር ትታወሰኛለች።

ብሩ፣ ውሉ፣ ማሰሮው

ዋጋው 17 ሰቅል ብር ነበር። ዕብራይስጡ ቃል በቃል "ሰባት ሰቅልና አሥር ብር" ነው የሚለው፤ ትንሽ ወጣ ያለ አቆጣጠር ነው። ሰቅል ያኔ የክብደት መለኪያ እንጂ ሳንቲም አልነበረም። በይሁዳ ገና ሳንቲም አይሠራም። ሰው ቁርጥራጭ ብር ይይዝና በሚዛን ይለካል። በቁፋሮ የተገኙት የይሁዳ የድንጋይ ሚዛኖች አንዱ ሰቅል 11 ግራም ተኩል እንደማይሞላ ያሳያሉ። እንግዲህ 17ቱ ተደምረው 200 ግራም አይደርሱም። ለንጽጽር ያህል፣ ዳዊት አውድማና በሬ የገዛው በ50 ሰቅል ነው፤ አብርሃም የመቃብር ዋሻውን በ400። የእርሻው ስፋት ስላልተጻፈ ረከሰ ተወደደ ማለት ይከብዳል። ግን በጦር ሜዳ መሃል ያለ መሬት ዋጋው ምን ሊሆን ነው? አናምኤልስ ከብሩ ሌላ ምን ይፈልጋል? በተከበበ ከተማ ውስጥ የሚበላው ብር እንጂ መሬት አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ቁጥር 10 ላይ ኤርምያስ ያደረገውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር ጠራ፣ ብሩን በሚዛን መዘነ። ቀጥሎ ደግሞ ብዙ አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው ነገር አለ። ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የታተመ፣ አንዱ የተከፈተ። ዕብራይስጡ የታተመውን "ሐቱም" ይለዋል። የኛው ማኅተም ከዚሁ ሥር ነው።

ለምን ሁለት ሆነ? መልሱ የተገኘው ከምድረ በዳ ዋሻ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 አርኪዮሎጂስቱ ይጋኤል ያዲን ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ባለ ዋሻ ውስጥ ባባታ የምትባል አይሁዳዊት ሴት የደበቀቻቸውን ሰነዶች አገኘ። 35 ናቸው። ባባታ የኖረችው ከኤርምያስ 700 ዓመት ያህል ቆይታ ነው፤ የቴምር እርሻ ሰነድ፣ የጋብቻ ውል፣ የክስ ወረቀት ሁሉ በቦርሳ አድርጋ ይዛ ነበር። ብዙዎቹ ሰነዶች አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ያው ቃል ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ከላይና ከታች። የላይኛው ይጠቀለልና በክር ተሰፍቶ ይታሰራል። የታችኛው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ማንም ማየት ቢፈልግ ክፍቱን ያነባል። ጠብ ከተነሳ፣ አንዱ "ቁጥሩ ተፍቋል" ካለ፣ ዳኛ ፊት ክሩ ይበጠስና የተዘጋው ይነበባል።

በቃ፣ የማጭበርበር መከላከያ ነው። ዛሬ ውልና ማስረጃ ሄደን ኮፒውን እዚያ አስቀርተን የምንመጣው ለዚሁ አይደል?

ማኅተሙ ደግሞ እርጥብ ጭቃ ነበር። ክሩ ላይ ትንሽ ጭቃ ይለጠፍና የቀለበት ማኅተም ይጫንበታል። በ1982 በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ቦታ በይጋል ሺሎ የሚመራ ቡድን 51 እንዲህ ያሉ የጭቃ ማኅተሞችን ከአንድ ቤት ወለል ላይ ለቀመ። ቤቱ የተቃጠለው ባቢሎናውያን ከተማዋን ባጠፉ ጊዜ ነው። ወረቀቶቹ ሁሉ ነደዋል። እሳቱ ግን ጭቃውን እንደ ሸክላ ጠብሶ አጠነከረው፤ 2500 ዓመት የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከማኅተሞቹ አንዱ ላይ "ገማርያ የሳፋን ልጅ" የሚል ተነቧል። ይህ ስም በኤርምያስ 36 አለ፤ የኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክ የነቢዩን ጥቅልል በሕዝብ ፊት ያነበበው በዚህ ሰው ክፍል ውስጥ ነበር። የባሮክ ነው የተባለ ማኅተምም በ1970ዎቹ በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ከቁፋሮ ስላልመጣ ግን ዛሬ ብዙ ምሁራን ሐሰተኛ ነው ይሉታል። ስብከት ላይ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ከሰማችሁ ጠንቀቅ በሉ።

ባሮክ በምዕራፉ ውስጥ ሥራው የጸሐፊ ነው። ኤርምያስ ወረቀቱን ለሱ ሰጠው፤ አናምኤል፣ የፈረሙት ምስክሮችና አደባባዩ ላይ የተቀመጡት አይሁድ ሁሉ እያዩ። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፦ ሁለቱንም ወረቀቶች ወስደህ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑራቸው፣ ብዙ ቀን እንዲቆዩ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ወረቀትን ከእርጥበትና ከተባይ ለመጠበቅ ማሰሮ ጥሩ ዕቃ ነው። በ1947 የሙት ባሕር ጥቅልሎች የመጀመሪያዎቹ የተገኙትም በማሰሮ ውስጥ ነበር። ግን "ብዙ ቀን" የሚለው ቃል ያማል። ገዢው ዕድሜው ገፍቷል። ማሰሮው ሲከፈት እንደማይኖር ያውቃል።

ለምን ይህ ሁሉ? ቁጥር 15 መልሱን በአጭሩ ይሰጣል። ቤትና እርሻ የወይንም ቦታ በዚህች ምድር ገና ይገዛሉ።

ሮማውያንም የሚመስል ታሪክ አላቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 የካርታጎው ጦር መሪ ሐኒባል ሮም ደጃፍ ላይ በሰፈረ ጊዜ፣ የሰፈረበት መሬት ከተማው ውስጥ ዋጋው ሳይቀንስ ተሸጠ ይላል ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ። ያ ግን ንቀት ነው፤ "አትደፍረንም" ማለት። ሮምም በርግጥ አልወደቀችም። ኤርምያስ የገዛው ከተማዋ እንደምትወድቅ እርግጠኛ ሆኖ ነው። እንዲያውም የታሰረው ይህንኑ በመናገሩ ነው።

ከገዛ በኋላ የመጣ ጸሎት

አሁን ምዕራፉ ይገለበጣል። ኤርምያስ ወረቀቱን አስረክቦ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ብቻውን ሲቀር ይጸልያል። ከቁጥር 16 እስከ 25 ነው።

ጸሎቱ በዕብራይስጥ የሚጀምረው "አሃህ" በሚል ቃል ነው። ቃሉ ጩኸት ነው፤ የኛ "ኧረ" ወይም "ወይኔ" ይቀርበዋል። ገና በወጣትነቱ በምዕራፍ 1 እግዚአብሔር ሲጠራው፣ "እኔ ብላቴና ነኝና" ከማለቱ በፊት የወጣውም ያው ቃል ነበር። ከዚህ "አሃህ" ቀጥሎ ነው ያ የታክሲው መስመር የሚመጣው፦ ሰማይንና ምድርን ፈጥረሃል፣ ለአንተ የሚያቅትህ ነገር የለም።

ከዚያ ረጅም ነው። ፍጥረት፣ ግብፅ፣ ተአምራት፣ የተዘረጋች ክንድ፣ ወተትና ማር የምታፈስ ምድር። ማንም ቤተ መቅደስ የሚሄድ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ውዳሴ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ክፍል በኋላ ለአምልኮ ተብሎ የገባ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውላለሁ። ሊጠይቅ የመጣውን ጥያቄ ለማውጣት የቸገረው ሰው እንዲህ ነው የሚጸልየው። ዙሪያውን ይሄዳል። የሚያውቀውን ይደረድራል። ሽማግሌ ፊት ነገሩን ለመናገር እንደሚፈራ ሰው ነው፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

በቁጥር 24 ወደ መሬት ይወርዳል። እነሆ ድልድሉ ደርሷል፤ ከሰይፍና ከራብ ከቸነፈርም የተነሣ ከተማዪቱ ተሰጥታለች፤ የተናገርኸው ሆኗል፣ አንተም ታየዋለህ። ከዚያ ቁጥር 25፦ አንተ ግን እርሻውን በብር ግዛ፣ ምስክርም ጥራ አልኸኝ፤ ከተማዪቱ ግን በከለዳውያን (በባቢሎናውያን) እጅ ተሰጥታለች።

እዚህ ላይ ጸሎቱ ያልቃል። ልመና የለም። "አድነን" የለም። "አሜን" የለም። ሁለት የማይገጥሙ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም አለ።

ይህን ልብ በሉ። ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ያው ሰው ምስክሮች ፊት ቆሞ "ገና ቤትና እርሻ ይገዛሉ" ብሎ አውጇል። መልሱን ያውቀዋል። በአደባባይ ተናግሮታል። ብቻውን ሲሆን ግን አልዋጥልህ አለው። ሲታዘዝ ገብቶት አልነበረም፤ መጀመሪያ ፈረመ፣ ጥያቄው በኋላ መጣ። ስለ ኤርምያስ ስናስብ ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰውን ነቢይ ነው የምናየው። እኔ በዚህ ምዕራፍ የማየው ቤት ገዝቶ በመጣበት ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን ሰው ነው።

መልሱ

እግዚአብሔር በቁጥር 27 የሚመልሰው የኤርምያስን ቃል መልሶ በመጠየቅ ነው፦ በውኑ እኔን የሚያቅተኝ ነገር አለን? በዕብራይስጡ ሁለቱም ላይ ያለው ቃል ከ"ፔሌ" ሥር የወጣ ነው፤ ድንቅ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ማለት ነው። ሣራ በእርጅናዋ ትወልጃለሽ ተብላ በሳቀች ጊዜ፣ በዘፍጥረት 18፣ የተጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነው። ኤርምያስ አለ ያለውን እምነት ነው የተጠየቀው። አንተ እኮ ነህ ያልከው፣ እንግዲህ?

ከቁጥር 28 እስከ 35 ከባድ ነው። ፍርዱ አልተሻረም። ከተማዋ ትቃጠላለች፤ በሰገነቶቻቸው ላይ ለበኣል ያጠኑባቸው ቤቶችም አብረው። በሄኖም ልጅ ሸለቆ ልጆችን ሞሎክ ለተባለ ጣዖት መሠዋታቸውም ይጠቀሳል። እግዚአብሔር ይህ በልቤ አልገባም ይላል። በዝርዝሩ አልቆይም፤ ግን አለመዝለሉ ጥሩ ነው። ተስፋውን ብቻ ቆርጦ የሚያነብ ሰው ለምን እንደመጣ አይገባውም።

ቁጥር 36 ላይ መታጠፊያው አለ። ይህች እናንተ በሰይፍና በራብ በቸነፈር ተሰጥታለች የምትሏት ከተማ... ብሎ ይጀምርና፣ ከበተንኋቸው አገር ሁሉ እሰበስባቸዋለሁ፣ አንድ ልብና አንድ መንገድ እሰጣቸዋለሁ፣ የዘላለም ቃል ኪዳን አደርጋለሁ ይላል። አንድ አስደናቂ መስመር በቁጥር 41 አለ። በዚህች ምድር በፍጹም ልቤና በፍጹም ነፍሴ እተክላቸዋለሁ። ይህ አባባል በኦሪት ዘዳግም የሰው ግዴታ ነው፤ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ በፍጹም ነፍስህ ውደድ ተብሎ። እዚህ የሚናገረው እግዚአብሔር ነው፣ ስለ ራሱ።

እና ከዚህ ከፍታ በኋላ ምዕራፉ እንዴት ያልቃል? በወረቀት! ቁጥር 44 እንዲህ ይላል፦ እርሻ በብር ይገዛሉ፣ ውል ጽፈው ያትማሉ፣ ምስክር ይጠራሉ፤ በብንያም አገር፣ በኢየሩሳሌም ዙሪያ፣ በይሁዳ ከተሞች፣ በተራራማው አገር፣ በቆላው፣ በደቡብም። የወረዳ ዝርዝር ይመስላል። ተስፋው የመላእክት ዝማሬ ወይም የወርቅ መንገድ የለውም። ሰዎች እንደገና ተከራክረው ዋጋ ተስማምተው የሚፈራረሙበት ተራ ቀን ነው። ጦርነት ያየ ሰው እንዲህ ያለ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚናፍቅ ያውቃል።

አይሁድ በምኩራብ ከዚህ ምዕራፍ ቁጥር 6 እስከ 27 ያለውን የሚያነቡት የዘሌዋውያን 25 የመቤዠት ሕግ በሚነበብበት ሰንበት ነው። ሕጉና የተፈጸመበት ታሪክ አንድ ቀን ይገናኛሉ።

ስለ ጽሑፉ ራሱ

በተለያየ መጽሐፍ ቅዱስ ስታነቡ ቁጥሩ እንዳያደናግራችሁ አንድ ነገር ልበል። በጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ በሰባ ሊቃናት፣ ይህ ምዕራፍ 32 ሳይሆን 39 ነው። ስለ አሕዛብ የተነገሩት ትንቢቶች በዕብራይስጡ መጨረሻ ላይ ሲሆኑ በግሪኩ መሃል ስለገቡ ነው። የግሪኩ ኤርምያስ በጠቅላላው አጠር ያለ ነው። የተርጓሚ ስንፍና ይመስል ነበር፤ ግን በሙት ባሕር አካባቢ በቁምራን ከግሪኩ ጋር የሚስማሙ አጫጭር የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ሲገኙ፣ መጽሐፉ ጥንት በሁለት መልክ ይዘዋወር እንደነበር ታወቀ። በምዕራፋችንም አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ቁጥር 12 ላይ የተለመደው ዕብራይስጥ "አጎቴ አናምኤል" ይላል፤ "የአጎቴ ልጅ" መሆን ነበረበት። አንድ ገልባጭ አንድ ቃል ዘለለ። ውል ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ማሰሮውስ? መጽሐፉ ዳግመኛ አያነሣውም። ኤርምያስ እርሻውን አላረሰም። ከተማዋ ከወደቀች በኋላ የተረፉት ሰዎች ያለ ውዴታው ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ፤ ባሮክም አብሮ ሄደ። ከዚያ ግዞት ቤት ግን ለእኛ የምትቀርብ ሌላ ታሪክ ወጥታለች። ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ አሮጌ ጨርቅ በገመድ አውርዶ፣ "ብብትህ ሥር አድርገው" ብሎ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። መልሶ ያመጣውም ወደዚሁ አደባባይ ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን በሚነበበው ተረፈ ባሮክ፣ አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ ዛፍ ሥር ይተኛል። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በለስ ግን አሁንም ወተቱ ይንጠባጠባል። ከማሰሮው ውስጥ ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ ይመስለኛል።

ባቢሎን ከወደቀች በኋላ ምርኮኞቹ መመለስ ጀመሩ። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 የተመላሾቹ ዝርዝር አለ፤ በየመንደሩ፣ በየቁጥሩ። ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ቁጥር 23 ላይ አንድ አጭር መስመር ትገኛለች፦ የአናቶት ሰዎች፣ 128።